የሊኑክስ ምርጫ ከዳታ ፓኬጅና ከዋይፋይ ካርድ ይጀምራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአመዛኙ 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ብቻ ነው የሚቀበለው። አገልግለው ከውጭ ገብተው በየሱቁ ከሚሸጡት ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ውስጥ ደግሞ 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ትውልድ የሆኑት ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ማሽኖች የሚጣሉ አይደሉም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለትምህርት ገና ዓመታት ያገለግላሉ። ባለቤታቸው በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ልጫንበት ብሎ ቢነሳ ትክክል ነው። የሚቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የትኛውን ሊኑክስ?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከቪዲዮ የተቀዳ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ዳታ አይቆጥርም፣ መብራት ይጠፋብኛል ብሎ አይሰጋም፣ በአማርኛም አይጽፍም። እዚህ አገር አንድ ላፕቶፕ ላይ የሚጫነው ዲስትሮ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ግን መመዘን ያለበት በእነዚሁ ነው፤ ስንት ጊጋባይት ይበላል፣ ለስንት ዓመት ሳይነካ ይቆያል፣ የዋይፋይ ካርዱን ያውቀዋል ወይ፣ መብራት መሀል ላይ ቢሄድ እንዴት ይነሳል፣ አማርኛ እንዴት ይጻፍበታል። የዴስክቶፑ መልክ በኋላ በአንድ ከሰዓት የሚቀየር ነገር ነው።

ሁሉም ዲስትሮዎች በውስጣቸው ያለው ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት፣ አንድ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው። የሚለያያቸው ፕሮግራሞቹን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚያድሱና አንዱን እትም ለስንት ዓመት እንደሚንከባከቡት ነው። ዴቢያን በ1993 ተጀመረ። ኡቡንቱ በ2004 ከዴቢያን ወጣ፤ ሊኑክስ ሚንት በ2006 ከኡቡንቱ። ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ አንዱን የለመደ ሰው ሌላው ላይ አይቸገርም። ፌዶራና አርች ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ናቸው፤ ፕሮግራም የሚታሸግበትና የሚጫንበት የጥቅል አሠራራቸውም የተለየ ነው።

ከዳታ እንጀምር። የኡቡንቱ 24.04 የመጫኛ ፋይል 6 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የሊኑክስ ሚንት 22 ደግሞ 3 ጊጋ ገደማ። ዴቢያን ከ1 ጊጋ በታች የሆነ ትንሽ መጫኛ አለው፤ እሱ ግን ዴስክቶፑን በሙሉ በመጫን ላይ ሳለ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ በሞባይል ዳታ የጀመረው ሰው ግማሽ ላይ ሊቀር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የዴቢያን የመጀመሪያው የዲቪዲ ፋይል ይሻላል። 4 ጊጋ ገደማ ነው፤ ዴስክቶፑም የቢሮ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስም ውስጡ ስላሉ ያለ ምንም ኢንተርኔት ይጫናል። በዚህ መንገድ የጫነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተጫነ በኋላ አዲስ ፕሮግራም ሲጠይቅ «ዲስኩን አስገባ» እያለ ሊያስቸግር ይችላል። ምክንያቱ የጥቅል ምንጮች ዝርዝር ውስጥ የዲቪዲው መስመር መቅረቱ ነው። ያንን መስመር ማጥፋትና የኢንተርኔት ምንጩን መጨመር ይበቃል። እዚያው ዴቢያን ላይ ሌላም ሰው የሚያደናግር ቦታ አለ፤ መጫኛው «የሩት» (የዋናው አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ባዶውን ቢተዉት ተራው ተጠቃሚ ሱዶ የሚባለውን፣ እንደ አስተዳዳሪ የማዘዝ ሥልጣን ያገኛል። ከሞሉት ግን ሱዶ አይሰጠውም፤ ሰውየውም በራሱ ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራም መጫን እየፈለገ «አይፈቀድልህም» ይባላል።

የመጫኛው ፋይል የአንድ ቀን ወጪ ነው። የየወሩ ወጪ አፕዴቱ ነው፤ ዲስትሮዎቹ በጣም የሚራራቁትም እዚህ ላይ ነው። አርች እትም የሚባል ነገር የለውም፤ የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች ያወጡት አዲስ ነገር ሁሉ በየቀኑ እንደ አፕዴት ይቀርባል። ከፊሉን አድሶ ከፊሉን መተው አይፈቀድም፤ የተወ ሰው ፕሮግራሞቹ የሚጋሯቸው ፋይሎች እርስ በርስ ሳይስማሙ ቀርተው ፕሮግራሞች እንቢ ይሉታል። ዳታ አልቆበት ጥቂት ወራት ሳያድስ የቆየ ሰው ሲመለስ ብዙ ጊጋ ይጠብቀዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ የጥቅሎቹን ፊርማ የሚያረጋግጡት ቁልፎች አርጅተው «ፊርማው አይታመንም» የሚል ስህተት ያወጣል፤ መጀመሪያ የቁልፍ ጥቅሉን ብቻ ማደስ ያስፈልጋል። ፌዶራ በየ6 ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ እያንዳንዱን እትም የሚንከባከበው ለ13 ወራት ገደማ ነው። ስለዚህ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙሉ ሲስተሙን የማሸጋገር ግዴታ አለ። ፌዶራ ጥሩ ሥራ ነው፤ ቢሮው ወይም ግቢው ውስጥ ያልተገደበ ዋይፋይ ላለውና አዲስ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው እንመክረዋለን። በሳምንታዊ ፓኬጅ ለሚኖር ተማሪ ግን አይሆንም።

በተቃራኒው ረጅም ድጋፍ ያላቸው እትሞች አሉ። ኡቡንቱ 24.04 እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ወጥቶ እስከ 2029 ይጠበቃል። በእሱ ላይ የተሠራው ሚንት 22ም እንዲሁ። ኡቡንቱ ፕሮ የተባለው አገልግሎት ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን ድረስ በነፃ ሲሆን የጥበቃውን ዘመን ወደ 10 ዓመት ያደርሰዋል። ዴቢያን 13 በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ወጣ፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። በእነዚህ ላይ የሚወርደው አፕዴት በአብዛኛው የደህንነት ማስተካከያ ነው፤ ብሮውዘሩንና ከርነሉን ካላስቆጠርን ትንንሽ ነው። ኡቡንቱ በየ6 ወሩ የሚያወጣቸው መካከለኛ እትሞች ግን የሚጠበቁት ለ9 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚያወርድ ሰው ቁጥሩ ትልቁ የቱ ነው ብሎ አይምረጥ፤ «ኤልቲኤስ» (የረጅም ጊዜ ድጋፍ) የሚል የተጻፈበትን ይምረጥ።

በኡቡንቱና በሚንት መካከል የሚያመነታ ሰው ዳታውን ያስብ። ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ጨምሮ አንዳንድ ፕሮግራሞችን የሚያቀርበው ስናፕ በሚባል አሠራር ነው። ስናፕ በቀን 4 ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ይፈትሻል፤ ካገኘም ሳይጠይቅ ያወርዳል። ጠዋት 1 ጊጋ ገዝቶ ስልኩን ሆትስፖት ያደረገ ሰው ከሰዓት በኋላ ፓኬጁ የት እንደገባ ሳያውቅ ያልቅበታል። መፍትሔ አለው፤ ስናፕን በትዕዛዝ ማዘግየት ይቻላል። በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥም ግንኙነቱ «የዳታ ገደብ ያለው ነው» የሚለውን አብርቶ ስናፕ ይህንን እንዲያከብር በትዕዛዝ ማድረግ ይረዳል። ሚንት ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ስናፕን ከመነሻው ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ፋየርፎክሱም እንደ ማንኛውም ጥቅል ይወርዳል። አፕዴት ማናጀሩ ዝርዝሩን ከነመጠኑ ያሳያል፤ ካላዘዙትም አያወርድም። ፍላትፓክ የሚባለውን ሌላ የፕሮግራም መጫኛ አሠራር በሚመለከት ሁለቱም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዋን ትንሽ ፕሮግራም በፍላትፓክ ሲጭኑ ከሥሯ የሚመጣው የጋራ መሠረት ብቻውን መቶዎች ሜጋባይት ነው። አንድ ፕሮግራም በፍላትፓክም በዴብም (በዴቢያን ቤተሰብ መደበኛ ጥቅል) ካለ የዴብ ጥቅሉ ይመረጥ።

ካሊ ሊኑክስን ለብቻው ማንሳት ግድ ይላል፤ ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ሊኑክሳቸው አድርገው የሚጭኑት እሱን ነውና። ካሊ የደህንነት ባለሙያዎች ሲስተሞችን ለመፈተሽ የሚይዙት የመሣሪያ ሣጥን ነው። ከዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፍ እየቀዳ ያለማቋረጥ የሚታደስ በመሆኑ በዳታ በኩል ከአርች የሚሻል አይደለም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው እንደማይመክሩት በመመሪያቸው ጽፈዋል። የደህንነት ትምህርት የሚማር ልጅ ላፕቶፑ ላይ ሚንት ወይም ዴቢያን ጭኖ ካሊን በቨርቹዋል ማሽን (ላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) ወይም በፍላሽ ቢያስነሳ ትምህርቱ አይጎድልበትም፤ የቤት ሥራው የሚሠራበት ማሽንም አይበላሽበትም። ከሁሉ የከፋው የካሊን የጥቅል ምንጭ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ላይ መጨመር ነው። በሚቀጥለው አፕዴት የሲስተሙ መሠረታዊ ፋይሎች በሌላ ይተካሉ፤ ከዚያ በኋላ ፎርማት ከማድረግ የሚያድን ነገር እምብዛም አይገኝም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ዲስትሮ ከመምረጥ በፊት ዊንዶውሱ ገና ሳይጠፋ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ የኔትወርክ አዳፕተሩን ስም በወረቀት መጻፍ ነው። ኢንቴል ካለ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ላቲቲዩዶችና ቲንክፓዶች ይህ ካርድ አላቸው። ብሮድኮም ካለ፣ በተለይም 43142 የሚል ቁጥር ካለው፣ ከተጫነ በኋላ ዋይፋዩ ዝም ይላል። የሚፈልገው ድራይቨር ዝግ (ኮዱ ለሕዝብ ያልተከፈተ) ስለሆነ ተነጥሎ ነው የሚጫነው፤ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም። መውጫው ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን ማብራት ነው። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን መክፈት ነው። በሚንት ላይ ይህንንም ማስቀረት ይቻላል፤ የብሮድኮም ድራይቨር መጫኛው ፍላሽ ውስጥ ስላለ ፍላሹን ሰክቶ ድራይቨር ማናጀሩን መክፈት ብቻ ነው። ሪልቴክ ከሆነ በአሮጌ ከርነል ላይ ያስቸገሩት አብዛኞቹ በአሁኖቹ እትሞች ይሠራሉ። ከአዳዲሶቹ መካከል ሚዲያቴክ ኤምቲ 7902 ለዓመታት የሊኑክስ ድራይቨር ሳይኖረው የቆየ ካርድ ነው፤ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር ካየ ሌላ ቢመርጥ ይሻላል።

ካርዱን መቀየርም ይቻላል። በኤም.2 ሶኬት ላይ ኢንቴል ኤኤክስ 200 ወይም ኤኤክስ 210 ይገባል። በስም የሚመሳሰሉት ኤኤክስ 201 እና ኤኤክስ 211 ግን ከኢንቴል ፕሮሰሰሩ ጋር ተቀናጅተው እንዲሠሩ የተዘጋጁ በመሆናቸው በኤኤምዲ ማሽንም ሆነ በአሮጌ ኢንቴል ላይ አይሠሩም። ሲገዙ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ቁጥር ትታይ። አሮጌ ቲንክፓዶችና አንዳንድ ኤችፒዎች ደግሞ ማሽኑ ሲበራ በመጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም፣ በባዮሳቸው ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አላቸው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ሲገባ ማሽኑ «ያልተፈቀደ ካርድ» ብሎ ሳይነሳ ይቀራል።

ፍላሽ ማዘጋጀቱ ራሱ የሚያበላሽበት ቦታ አለው። በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የወረደ ፋይል መጠኑ ልክ መስሎ ውስጡ የጎደለ ሊሆን ይችላል። ከማውረጃው ገጽ ላይ «ሻ 256» የሚባለው ረጅም ቁጥር አለ፤ ከወረደው ፋይል ቁጥር ጋር ይመሳከር። ካልገጠመ መጫኑን አይጀምሩ፤ ግማሽ ላይ ፋይል አላነበብኩም ብሎ ይቆማልና። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ግን ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽም ገበያ ላይ አለ። የተጻፈበትን ያለ ቅሬታ ይቀበልና መልሶ ሲነበብ ባዶ ይሆናል። ፍላሹ ላይ ቬንቶይን አንድ ጊዜ መጫን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚንቱንም የዴቢያኑንም ፋይል እንደ ተራ ፋይል መቅዳት ነው፤ ሲነሳ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። ለማስነሳት በዴልና በቲንክፓድ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ይጫናሉ።

ሳይጭኑ በፍላሹ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል። ዋይፋይ ይያዝ፣ ድምፅ ይሰማ፣ የስክሪኑ ብርሃን ከፍና ዝቅ ይበል፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ማሽኑ ይንቃ፣ ካሜራውና ታችፓዱ ይሞከሩ። ከእነዚህ አንዱ እንቢ ካለ ሌላ ዲስትሮ ከመሞከር በፊት የከርነሉ ቁጥር ይታይ። ዴቢያን 12 በከርነል 6.1፣ ኡቡንቱ 24.04 በ6.8፣ ዴቢያን 13 በ6.12 ነው የወጡት። ላፕቶፑ የቅርብ ዓመት ምርት ከሆነ ከፍ ያለው ከርነል ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ያገለገለ ላቲቲዩድ ከሆነ ግን ማናቸውም ይበቁታል።

ራምን በሚመለከት አንድ ነገር እናስተካክል። ሊኑክስ ቀላል ነው ሲባል ብሮውዘሩም ቀላል የሚሆን የሚመስለው ሰው አለ። ብሮውዘር በየትኛውም ሲስተም ላይ ያው ብሮውዘር ነው። ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ዴስክቶፕ ምንም ሳይከፈትበት ከ1 ጊጋ በታች ይዞ ይቀመጣል። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ፣ ኖም፣ ከዚያ በጉልህ ይበልጣል። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህች ልዩነት ናት ለብሮውዘሩ ጥቂት ተጨማሪ ገጾች የምትተወው፤ ስለዚህ ለ4 ጊጋ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፣ ለ8 ጊጋ ሚንት ሲናሞን ወይም ኡቡንቱ ይመረጥ። ከዲስትሮ ሁሉ በላይ ግን ፍጥነት የሚሰጠው አሮጌውን ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ማስገባት ነው። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለእሱ ይዋል።

ሴኪዩር ቡት (ፊርማው ያልታወቀ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) በበራበት ማሽን ላይ እንደ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ያለ ዝግ ድራይቨር ሲጫን ሰው ሁሉ የሚስታት አንዲት ሰማያዊ ስክሪን አለች። መጫኛው መሀል ላይ አጭር የይለፍ ቃል ያስገባል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና 10 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ምንም ካልተነካ ያልፋል። አብዛኛው ሰው የሚያሳልፈው ስህተት መስሎት ነው። ያን ጊዜ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭኖ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጦ፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ከዚያ ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ያሳለፋት ሰው ድራይቨሩ ተጭኖ እያለ አይሠራለትም፤ ምክንያቱን ሳያውቅም ዲስትሮውን ይወቅሳል። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያንና ፌዶራ ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይነሳሉ፤ አርች ግን በራስ የሚሠራ ተጨማሪ ዝግጅት ካልተደረገለት አይነሳም።

ዊንዶውስን ሳያጠፉ ጎን ለጎን የሚጭኑ ሰዎች ቀድመው ሦስት ነገር ያድርጉ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ይገልብጡ ወይም ያጥፉት፤ ያለዚያ ባዮስ ሲነካ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ የለም። ዊንዶውስን ቶሎ ለማስነሳት የተሠራውን ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ዲስኩን እንደያዘ ስለሚተኛ ሊኑክስ ያንን ክፍልፍል (የዲስክ ክፍል) ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። መጫኛው ዲስክ የለም ካለ ደግሞ ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር በኢንቴል አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ ላይ ነው፤ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ያስፈልጋል። ሲቀየር ዊንዶውስ እንዳይሞት አስቀድሞ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ማዘጋጀት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይዛባል። ዊንዶውስ በማሽኑ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የአገሩን ሰዓት ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ የግሪንዊችን። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም ሊኑክስ ቆይተው ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኙታል። ባትሪው የሞተ መስሏቸው የሚያስቀይሩ አሉ። ሊኑክሱ የማሽኑን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት እንዲያነብ በአንድ ትዕዛዝ ማድረግ ነው። ልዩነቱ 3 ሰዓት ሳይሆን ዓመታት ከሆነ ግን በእርግጥ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሞቷል። ያን ጊዜ ድረ ገጾች «የምስክር ወረቀቱ አይታመንም» ይላሉ፤ አፕዴቱም «ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ እንቢ ይላል። ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፤ ቀኑን ማስተካከል ነው።

መብራት። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ጊዜ ለ20 ደቂቃም አይበቃም። ከርነል እየተጫነ መሀል ላይ ማሽኑ ከጠፋ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ሊጠብቅ ይችላል። አይደንገጡ፤ ፎርማትም አያስፈልግም። ሲነሳ ኢስኬፕ ወይም ሺፍት ተጭኖ ግራብ የሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ይመጣል፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የቀድሞው ከርነል አለ፤ እሱን መርጦ መግባት ነው። ካልሆነ በኡቡንቱና በሚንት እዚያው «ሪከቨሪ ሞድ» ውስጥ ዲፒኬጂ የሚለው ምርጫ ግማሽ የቀሩትን ጥቅሎች ያስተካክላል። ሚንት ታይምሺፍት የሚባለውን፣ የሲስተሙን ቅጂ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ከ10 ጊጋ በላይ ሊይዝ ይችላልና ቦታ ይተውለት፤ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ይበቃል። ታይምሺፍት የሚያስቀምጠው ሲስተሙን እንጂ የእርስዎን ፎቶና ጽሑፍ አይደለም፤ እሱ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ። ሲጫንም የግል ፋይሎችዎ ለሚቀመጡበት «ሆም» ለብቻው ክፍልፍል ቢሰጠው በኋላ ዲስትሮ ለመቀየር ሲፈልጉ ፋይሎችዎ በቦታቸው ይቆያሉ።

ስለ አማርኛ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው ሊኑክስን ጥሎ ወደ ዊንዶውስ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነውና። ማየቱ ችግር የለውም፤ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ከተጫነ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለመጻፍ አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ከነኤም 17 ኤን ተጨማሪው ይጫን፤ ወጥተው ተመልሰው ይግቡ። በኡቡንቱ በኪቦርድ ቅንብር፣ በሚንት በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛን ሲጨምሩ «ሴራ» የሚል አለበት፤ እሱን ይምረጡ። ሌላው፣ አማርኛ ብቻ የሚለው ኪቦርድ፣ ከተነባቢ በኋላ አናባቢ ቢያስከትሉ ሆሄውን አይለውጠውም። በሴራ «ኤስ»ን (s) ሲጫኑ ስ ትወጣለች፤ ትንሿን «ኢ» (e) ሲያስከትሉባት ሰ ትሆናለች፤ ትልቋን (E) ካስከተሉ ሴ፤ «ኤ»ን (a) ካስከተሉ ሳ። ጥ እና ጭ ሺፍት ይዞ በ«ቲ» (T) እና በ«ሲ» (C) ነው፤ ሽ በ«ኤክስ» (x) ነው። በስልካቸው ወይም በዊንዶውስ ኪማንን የለመዱ ሰዎች ኪማን ለሊኑክስም በነፃ ስላለ ያንኑ ይጫኑ።

አሮጌ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ሰነዶች ግን የተለየ ነገር ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት ጽሑፉ የላቲን ፊደላት፣ የሥርዓተ ነጥብና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል፤ አልተበላሸም። ያንን ፎንት ከዊንዶውሱ የፎንት ማኅደር ቀድቶ ሊኑክሱ ላይ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን ይመልሰዋል። ለማረምና ለመፈለግ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። በኒያላ የተጻፈ የዩኒኮድ ሰነድ ይነበባል፤ ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩና የገጹ ቁጥር ይዛባል። ለመሥሪያ ቤት የሚላክ የመጨረሻ ሰነድ በፒዲኤፍ ይሁን።

የማይሆነውንም እንናገር። ሥራው በፒችትሪ ሒሳብ መያዝ ወይም በአውቶካድ መንደፍ የሆነ ሰው ዊንዶውሱን አያጥፋ፤ ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ከፕሪንተሮች ኤችፒዎች በአመዛኙ ይሠራሉ፤ ሌዘርጄት ፒ 1102ን የመሰሉት ግን አንድ ተጨማሪ ዝግ ፋይል ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። ካፕት በሚባለው አሠራር የሚታዘዙ አሮጌ ካኖኖች፣ ለምሳሌ ኤልቢፒ 2900፣ አድካሚ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምንመክረው ጎረቤትዎ፣ የክፍል ጓደኛዎ ወይም ባልደረባዎ የሚጠቀምበትን ዲስትሮ እንዲጭኑ ነው። አንድ ዓይነት እትም የጫኑ 10 ሰዎች አንዱ ኮምፒውተር ላይ አፕት ካሸር የተባለውን ፕሮግራም ቢያስነሱ አንድ ጥቅል ከኢንተርኔት የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዘጠኙ ከዚያ ማሽን በቢሮው ኔትወርክ ይወስዳሉ። ኢንተርኔት ጭራሽ ለሌለው ደግሞ አፕት ኦፍላይን አለ። ላፕቶፑ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ያወጣል፤ ፍላሹ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። ገጠር ትምህርት ቤት ያለ ላፕቶፕም በዚህ መንገድ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዲስትሮውም እትሙም አንድ ሲሆን ነው። አንዱ አርች፣ አንዱ ፌዶራ፣ አንዱ ካሊ የጫኑበት ቢሮ ሁሉም ለየብቻው ይከፍላል።

ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ አለን። ከአንባቢ የምትቀበሉት ጽሑፍ በዩኒኮድ እንዲሆን በደብዳቤ ገጻችሁ ግርጌ በአንድ መስመር አስታውቁ። ሊኑክስ ላይ በሴራ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንት ሳይጠይቅ እናንተ ጋ ይከፈታል፤ እናንተም ለአንባቢ የምትልኩት በስልኩም በላፕቶፑም ይነበባል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች፣ ከአዲስ አበባ